አለን ብሉምላይንና የስቴሪዮ ድምፅ ስፋት

ከሚሴ ላይ የሠርግ ጨዋታ የቀዳ ባልደረባ ችግሩን ያውቀዋል። ዘፋኙ ከመካከል፣ ከበሮው ከአንድ ወገን፣ ጭብጨባው ከዙሪያው እየመጣ ለጆሮ ሰፊ የነበረው ጨዋታ፣ በአንድ ማይክሮፎን ተቀርጾ በአንድ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ሁሉም ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣ ይሆናል። ዛሬ በሚክሲንግ ጊዜ ይህን ስፋት ለመመለስ፣ አልፎም ለመጨመር ከምንጠቀምባቸው ዘዴዎች ዋነኛውን ያስገኘው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ የሞተ አንድ መሐንዲስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለን ዳወር ብሉምላይን በ1903 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በትውልዱ ጀርመናዊ የሆነ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ልጁ በ1923 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ጥቂት ዓመታት በስልክ መስመሮች ሥራ ላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1929 ኮሎምቢያ ግራፎፎን ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ከሙዚቃ ፍቅር ይልቅ ከሒሳብ መዝገብ የመነጨ ነበር፤ ኩባንያው ለሌላ ድርጅት የፓተንት ክፍያ ከመክፈል የሚያድነው የራሱ የሸክላ መቅረጫ ፈለገ፤ ብሉምላይንም ሠራለት።

በ1931 ኋላ ካገባት ወይዘሪት ጋር ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ተዋናዩ በሸራው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ድምፁ ግን ካለበት እንደማይነቃነቅ አስተውሎ ነገሩን ማሰላሰል እንደ ጀመረ ይነገራል። በዚያው ዓመት፣ ዲሴምበር 14 ቀን፣ የፓተንት ማመልከቻውን አስገባ።

ሰው ወፍራም ድምፅ ከየት እንደ መጣ የሚለየው በተለይ ድምፁ ሁለቱን ጆሮዎች በሚደርስበት እጅግ ጥቂት የጊዜ ልዩነት ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ድምፅ በተለያየ ኃይል ብቻ ቢያሰሙ፣ ከሁለቱም የሚመጣው በየጆሮው ሲደመር ያንኑ የጊዜ ልዩነት እንደሚፈጥር ብሉምላይን ተረዳ። ስለዚህ ሁለት ማይክሮፎኖችን በአንድ ሥፍራ አቀራርቦ፣ ፊታቸውን በ90 ዲግሪ ለይቶ ማቆም ይበቃ ነበር።

ከዚያም የቀኙንና የግራውን ሲግናል ወደ ድምርና ልዩነት ለወጣቸው። በመካከል ያለው ዘፋኝ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ በልዩነቱ ውስጥ አይገኝም፤ በዚያ የሚቀረው የጎን ድምፅ ነው። ልዩነቱን ከፍ አድርጎ እንደገና ቀኝና ግራ ማድረግ ምስሉን ያሰፋዋል፤ ዝቅ ማድረግ ያጠበዋል፤ ጨርሶ መተው ሞኖ ያደርገዋል። የዛሬዎቹ የሚድ ሳይድ መሣሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ሒሳብ ነው። የዘዴው ትልቅ ምግባር ሞኖ ለሚያዳምጠው ሰው ታማኝ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ የተጨመረው ልዩነት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘፋኙ ግን እንዳለ ይቀራል። በአንጻሩ አንዱን ወገን በጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ማስፋት በጆሮ ማዳመጫ ቢያምርም፣ በሞኖ ሲደመር ከድምፁ ከፊሉን ይሰርዛል። እኔም በዚህ መንገድ አሰፋሁት ብዬ የተደሰትኩበትን ክራር በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ስሰማው ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀርቶ አግኝቼዋለሁ። ደግሞም ልዩነቱን ያለ ልክ የሚያሳድግ ሰው ዘፋኙን ከጨዋታው ወደ ኋላ ያስቀረዋል።

ኮሎምቢያ በ1931 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኢ.ኤም.አይ. ሆኖ ነበር። በጃንዋሪ 1934 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ፣ ቶማስ ቢቻም የሞዛርትን ጁፒተር ሲምፎኒ ሲመራ ብሉምላይን በስቴሪዮ ቀረጸው። በ1935 ደግሞ በሔይስ የባቡር ጣቢያ ባቡሮች ሲያልፉ ድምፃቸው አብሯቸው የሚሄድበት የሙከራ ፊልም ተነሣ። ኩባንያው ግን ገበያ አልታየውም። ብሉምላይን ወደ ቴሌቪዥን ተዛወረ፤ በ1936 ቢ.ቢ.ሲ. ሥርጭት የጀመረበትን የ405 መስመር ሥርዓት ከሠሩት አንዱ ሆነ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ራዳር ገባ።

ጁን 7 ቀን 1942፣ ከአውሮፕላን ሆኖ ምድርን የሚያሳየውን ራዳር ሲሞክሩ ሃሊፋክስ የተባለው አውሮፕላን ወድቆ የነበሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ሥራው ምስጢር ስለ ነበረ የአሟሟቱ ነገር በጊዜው ለሕዝብ አልተገለጸም። በስሙ የተመዘገቡት ፓተንቶች 128 ነበሩ። የስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው ለገበያ የወጣው በ1958 ነው፤ የመርፌው ቦይ ግራና ቀኙን በ45 ዲግሪ ግድግዳዎች ይዞ ነበር፤ ይህም አቀማመጥ በ1931 ማመልከቻው ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል።