ለልጆቻችሁ ስለ አክሊሉ ለማ ንገሯቸው

ውድ ወላጆች፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ላንጋኖ ስትወርዱ ውኃው ቢደፈርስም እንዲዋኙ ትፈቅዱላቸዋላችሁ፤ ሐይቁ ከቢልሃርዝያ ነፃ እንደሆነ ይነገርለታልና። ልጆቹ ቢልሃርዝያ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቋችሁ መልሱን ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ጀምሩላቸው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ውኃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1964 በሽታውን ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ አዩ። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ለምን ብለው ጠየቁ። በቤተ ሙከራ ሲፈትኑትም እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ።

የውጭ ተቋማት ግኝቱን ለመቀበል ዓመታት ቢያመነቱም ተስፋ አልቆረጡም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ሳይንስ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላቸው። እግዚአብሔር በጓሯችን ባበቀለው ቁጥቋጦም ውስጥ አለ። ስለዚህ ልጃችሁ ለምን ብሎ ሲጠይቅ ዝም በል አትበሉት፤ አብራችሁት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ደግሞም ሐይቅ ሁሉ ላንጋኖ አለመሆኑን አስተምሩት፤ ወደማያውቀው ውኃ ዘሎ አይግባ።

ጌታ ልጆቻችሁን ይባርክ።