ከመነቀሉ በፊት፦ የአቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ነገር

 

ጥርሳችሁን አሟችሁ ያውቃል? ቀን ቀን እንደምንም ይቻላል። ሌሊት ጋደም ሲሉ ግን ይጠዘጥዛል፤ ሱጁድ ላይ ግንባር መሬት ሲነካ ይብሳል። ያኔ ሰው የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንቀሉልኝ ይላል። ዛሬ የማወራችሁ ይህን ልመና ሰምቶ ጉጠት ለማንሳት የማይቸኩል ስለነበረ ሰው ነው።

አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ይባላል። የአውሮፓ ሐኪሞች አልቡካሲስ ይሉታል። አዝ-ዘህራዊ የሚለው ስም የመጣው ከመዲነቱ-ዘህራእ ነው፤ ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ከ936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንደሉስ፣ ከቁርጡባ በስተ ምዕራብ ያሠራት የቤተ መንግሥት ከተማ ናት። ስለ ግል ሕይወቱ የተጻፈው እፍኝ አይሞላም። ሰውየውን የምናውቀው በኪታቡ ነው። አት-ተስሪፍ ይሉታል፤ 30 ክፍል አለው፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ በሕክምና ከቆየ በኋላ ወደ 1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጨረሰው ነው። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች ከነሥዕላቸው ሰፍረውበታል።

የዚያን ክፍል መግቢያ ስታነቡ ደስ አይልም፤ ሐዘን አለበት። የሰውነትን አሠራር ሳይማሩ ቢላ የሚያነሱ ሰዎችን ይወቅሳል። አንድ አላዋቂ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥሯን ቆርጦ እጁ ላይ እንደሞተችበት ያየውን ይተርካል።

ወደ ጥርስ ሲመጣም ያው ጥንቃቄ ነው። ጥርስ የተከበረ አካል ነው፣ ከሄደ ምትክ የለውም፤ ስለዚህ መንቀል የመጨረሻው ነገር ይሁን ይላል። በሽተኛው ቆርጦ ከተነሣ እንኳ በመጀመሪያ የታመመው ጥርስ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ ይታወቅ። ሕመም ያታልላልና። ሰውየው ጤነኛውን ጥርስ እየጠቆመ ያስነቅላል፤ ሕመሙ ግን ትክክለኛው ጥርስ እስኪነቀል አይለቀውም። አዝ-ዘህራዊ ፀጉር አስተካካዮች (በዘመኑ ጥርስ የሚነቅሉት እነሱ ነበሩ) ይህን ሲያደርጉ ደጋግሞ አይቷል።

ይህን ቦታ ሳነብ ጉንጬን ያዝኩ። ደረሳ ሆኜ አንድ የገበያ ነቃይ ዘንድ ሄጄ የጠቆምኩትን ነቀለልኝ። ሕመሙ ግን አብሮኝ ወደ መድረሳ ተመለሰ! ጥፋቱ የሰውየው ብቻ አልነበረም፤ ጠቋሚው እኔ ነኝ።

ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። የላይና የታች ጥርሶችን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው አንድ ትልቅ ነርቭ ስለሆነ አንጎል የጎረቤቱን ሕመም ከዚኛው ይቀላቅለዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥርሶቻችሁን አንድ በአንድ ቢያንኳኳ፣ ቀዝቃዛ ነገር ቢያስነካ፣ ራጅ ቢያዝዝ አትቆጡ። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ አስቀምጦ ማደርም ድዱን ያቃጥላል እንጂ የተቦረቦረውን አይሞላም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አነቃቀሉንም በዝርዝር ጽፏል። በጥርሱ ዙሪያ ድዱን በምላጭ ማላቀቅ፣ በጣት ወይም በስስ ጉጠት ቀስ በቀስ ማነቃነቅ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን በጉልበት መሃል ይዞ ቀጥ አድርጎ ማውጣት፤ ጨርሶም በኮምጣጤና በጨው ማስጉመጥመጥ። የሚቸኩሉት ሥሩን ሰብረው ይተዋሉ፣ አንዳንዴም የመንጋጋ አጥንት አብረው ያወጣሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስለ ጥርስ ላይ ቅርፊት የጻፈው ነው። ቢጫ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ የሚጋገረው ቅርፊት ድድን እንደሚያበላሽ ያውቃል። በሽተኛውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይፍቀዋል፤ ባንድ ቀን ካላለቀ በማግስቱ፣ ካላለቀም በሦስተኛው ቀን ይደግመዋል። ለዚህ ብቻ 14 ዓይነት መፋቂያ ብረት ሥሏል፤ የጥርስ ውስጡና ውጩ በአንድ ብረት አይፋቅማ። ይህን የሚያደርገው መስዋክ ሱና በሆነበት ማኅበረሰብ መካከል ነው። እኛስ መፋቂያችንን ለጁሙዓ ብቻ ነው የምናነሳው?

የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ በወርቅ ክር ከጎረቤቶቹ ጋር ያስረዋል። ብር ይዝጋል፣ ወርቅ ግን አይለወጥም ብሎ አመዛዝኖ ነው። የወደቀውን ጥርስ መልሶ ማሰር፣ ካልሆነም ከበሬ አጥንት ቀርጾ መተካት እንደሚቻል ጽፏል።

ኪታቡን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ወደ ላቲን መለሰው፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት። መዲነቱ-ዘህራእ ግን እስከዚያ አልቆየችም። በአንደሉስ የእርስ በርስ ጦርነት 1010 ላይ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ብዙዎች እንደሚያስቀምጡት የሞተው በ1013 ከሆነ፣ አዝ-ዘህራዊ የስሙ ከተማ ስትፈርስ በሕይወት ነበር። አላህ ይዘንለት።