የመግል ባላጋራ ጆሴፍ ሊስተር

እባጭ ወጥቶበት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ብዙዎቻችን በጥፍራችን ስንጨምቀው፥ በመርፌ ስንነካካው የምናደርሰውን ጉዳት አናስብም። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ከመግል ጋር የታገለውን ሰው ታሪክ ባጭሩ ላቅርብ።

ጆሴፍ ሊስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን ማይክሮስኮፕን በማሻሻል የታወቀ ነበር፤ ልጁም ረቂቁን ነገር መመርመር የለመደው ከቤቱ ነው። ሕክምናን በሎንዶን ተማረ፤ በ1860 ዓ.ም. በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያ ዘመን የሐኪሙ ሥራ ምንም ቢያምር፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ቁስሉ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይግላል፥ ይመግላል፤ በመጨረሻም ብዙው በሽተኛ ይሞታል። ሐኪሞቹ ጥፋቱን በክፉ አየር ያመካኙ ነበር እንጂ፥ ደም የደረቀበት ካፖርታቸውንና ያልታጠበ እጃቸውን አይጠረጥሩም። እንዲያውም መግልን የመዳን ምልክት የሚያደርጉ ነበሩ። ሊስተር ግን የፈረንሳዊውን የፓስተርን ጽሑፍ ባነበበ ጊዜ፥ ቁስልን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆን አለባቸው ብሎ አሰበ።

በ1865 ዓ.ም. ጋሪ እግሩን የሰበረው አንድ የ11 ዓመት ልጅ መጣለት። የተሰበረው አጥንት ቆዳውን ቀዶት ስለ ነበር፥ እንደ ዘመኑ ልማድ እግሩ ሊቆረጥ ይችል ነበር። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጥሞ ልጁ ዳነ። ውጤቱን በ1867 ዓ.ም. ቢያሳትምም ብዙ ባልደረቦቹ ተሳለቁበት።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1871 ዓ.ም. ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ሳሉ ብብታቸው ውስጥ ከባድ እባጭ ወጣባቸው። ሊስተር ተጠርቶ ቀደደው፤ ነገር ግን መግሉ እንደገና ተቋጠረ። ንግሥቲቱ ቢሞቱ ኖሮ ትምህርቱም አብሮ በተቀበረ ነበር። እርሱ ግን ከካርቦሊክ መርጫው የላስቲክ ቱቦ ቆርጦ፥ ሌሊቱን በአሲዱ ዘፍዝፎ አሳደረና በቁስሉ ውስጥ ከተተው። መግሉም በቱቦው ፈሰሰ፤ ንግሥቲቱም ዳኑ።

ካርቦሊክ በአየር ላይ መርጨቱ እንደማይጠቅም በተረዳ ጊዜ፥ በ1890 ዓ.ም. ስሕተቱን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ሳይደብቅ ተናገረ። በ1912 ዓ.ም. ሞተ። የእርሱን መንገድ የተከተለው የአበርዲኑ ሐኪም ኦግስተን፥ በመግል ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹትን ሕያዋን አግኝቶ በ1882 ዓ.ም. ስታፊሎኮከስ ብሎ ሰየማቸው። ዛሬም አብዛኛውን እባጭ የሚያመጡት እነዚሁ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብርቱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ቢሆንም የተቋጠረ መግል በንጹሕ እጅና በንጹሕ መሣሪያ መውጣት አለበት፤ ክኒን ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ትንሹን እባጭ ሳንጨምቅ፥ ሙቅ ውሃ በነካው ንጹሕ ጨርቅ እንያዘው። ቅላቱ ከተስፋፋ፥ ትኩሳት ከመጣ፥ ወይም እባጩ ፊት ላይ ከሆነ ግን ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም እንሂድ። ሊስተር ያን ያህል የደከመው እኛ በጥፍራችን እንድናፈርሰው አይደለም።