ዦርዥ ሌክላንሼና የባትሪ ድንጋይ

ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ተራራ አንድ ድንጋይ አንሥተን፥ ወቅጠንና ነፍተን፥ ዱቄቱን በመጫኛ ብንጠፈጥፈው እንደ ብስኩት ያለ ጠጣር ነገር ይወጣናል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ብናገናኝበት ግን ኃይሉ አያልፍም፤ የእንጦጦ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፥ ሲደርቅም ኤሌክትሪክ የሚከለክል ነውና። በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ዱቄት ሲያስቸግራቸው የእርሳስ እምብርት የሚሠራበትን ግራፋይት ፈጭተው ይቀላቅሉበታል። ግራፋይቱ በቂ ሲሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተነካክተው ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናሉ። ይህን የመሰለውን ዘዴ ዓለም በየኪሱ እንዲይዘው ያደረገው ዦርዥ ሌክላንሼ ነው፤ ታሪኩንም ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሌክላንሼ በ1839 በፈረንሳይ አገር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ በፖለቲካ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር ተሰዶ ስለ ነበር የልጅነት ትምህርቱን የተማረው በባዕድ አገር ነው። ኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በኤኮል ሳንትራል ትምህርቱን በ1860 ፈጸመና በምሥራቁ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ መሐንዲስ ሆነ። ለአንድ ወጣት እንጀራው የተረጋገጠ ሥራ ነበረ።

በዚያ ዘመን ለቴሌግራፍ ያገለግሉ ከነበሩት ባትሪዎች አንዳንዶቹ በአደገኛ አሲድ የሚሠሩ፥ ሌሎቹም ዘወትር ጥበቃ የሚሹ ነበሩ። ሌክላንሼ በ1866 በዚንክ ዘንግ፥ በአሞኒየም ክሎራይድ ውሀና በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ባትሪ አወጣ። ማንጋኒዙ ጥቁር ማዕድን ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ደካማ ስለ ሆነ ብቻውን ቢታጨቅ ብዙ አይረባም። ስለዚህ የተደቀቀ ከሰል ቀላቀለበት፤ ከመካከሉም የከሰል ዘንግ ተከለ። ብዙዎች ስለ ዚንኩና ስለ ማንጋኒዙ አብራርተው ከሰሉን በአንድ ቃል ያልፉታል፤ በእኛ አስተያየት ግን የብልሃቱ ግማሽ ያለው ከከሰሉ ላይ ነው። ከሰሉ ባትሪው ሲሠራ አያልቅም፤ ተግባሩ መንገድ መሆን ብቻ ነው።

በ1867 ሌክላንሼ የባቡር ሐዲዱን ሥራ ለቀቀ። ባትሪው ባይያዝለት ኖሮ ደመወዙንም ማዕረጉንም በከንቱ ማጣቱ ነበር። ደግነቱ በሚቀጥለው ዓመት የቤልጂክ ቴሌግራፍና የሆላንድ ባቡር ሐዲድ ተቀበሉት።

ይሁን እንጂ በዚህ አልረካም። ድብልቁ የሚታጨቅበት የሸክላ ዕቃ ለኤሌክትሪኩ እንቅፋት ነበረ። በ1870ዎቹ ሸክላውን አስቀርቶ፥ 40 እጅ ማንጋኒዝ፥ ከ50 እጅ የሚበልጥ ከሰልና ጥቂት ሙጫ ቀላቅሎ፥ በ100 ዲግሪ ሙቀትና በ300 አትሞስፌር ግፊት ተጭኖ እንደ ጡብ እንዲጠጥር አደረገ። ከሰሉ ከማዕድኑ መብለጡን ልብ ይሏል። ከሰል ሲበዛ መንገዱ ይሰፋል፤ ኃይል የሚሰጠው ማዕድን ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። የባትሪ ሠሪዎች ጭንቀት እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

ሌክላንሼ በመስከረም 1882፥ 43 ዓመት ሳይሞላው፥ በፓሪስ ሞተ። ባትሪው ገና ፈሳሽ ያለበት፥ ሲያዘነብል የሚፈስ ነበረ። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ውሀውን ከጄሶ ጋር ለውሶ ደረቁን ባትሪ ያወጣው በ1886 ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባን በቆረቆሩበት ዓመት መሆኑ ነው። የእጅ ባትሪና ትራንዚስተር ራዲዮ በየገጠሩ የገቡት በዚሁ ደረቅ ባትሪ ነው። ተራው የባትሪ ድንጋይ ሲሰበር እጅን የሚያጠቁረው ዱቄት የሌክላንሼ ማንጋኒዝና ከሰል ነው።