ድሜጥሮስና የዕለት ክፍልፋዮች

ለመርካቶ ልጅ ሩብና ሲሶ ምን እንደ ሆኑ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። እናቱ በርበሬ ስትመዝን፣ አባቱ አቡጀዲ ለክቶ ሲቀድ እያየ አድጓል። ያው ልጅ ግን ላዕልና ታሕት በሰሌዳ ላይ ተጽፈው ሲያይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ሒሳብ የተማሩ ቤተሰቦች ልጆች ዕድል ነው ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። የዛሬው ታሪካችን የአንድ ገበሬ ነው።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር የወይን አትክልተኛ ነበረ። ስንክሳር እንደሚተርከው ማንበብና መጻፍ ያልተማረ፣ ከሚስቱ ከልዕልተ ወይን ጋር በድንግልና የሚኖር ሰው ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፣ ያለ ወራቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው ተተኪው እንደሚሆን በራእይ ተነገረው። ዘለላውን ይዞ የገባው ድሜጥሮስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ189 ዓ.ም. 12ኛ ሆኖ ተሾመና 43 ዓመት ያህል መራ። ሕዝቡ ግን ሚስት ያለው ገበሬ በማርቆስ መንበር መቀመጡን አልወደደም። ሐሜቱ የቆመው ድሜጥሮስና ሚስቱ በጉባኤ መካከል የእሳት ፍም በልብሳቸው ተሸክመው ሳይቃጠሉ ከታዩ በኋላ ነው። በዘመኑ ታላቁ መምህር አርጌንስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ይመራ ነበር፤ ኋላ ግን ሁለቱ ተጣልተው አርጌንስ ከአገር ወጣ።

በእኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው በባሕረ ሐሳብ ነው። የነነዌ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበርና መልአክ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ እንዲገባ ነገረው ይላል ትውፊቱ። እስቲ እርሳስ አንሡ። 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፤ በ30 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 ሱባኤ 49 ቀን ነው፤ 30 ሲገደፍ 19 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። 11 እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የፀሐይ 365 ቀንና የጨረቃ 354 ቀን ልዩነት ነው። የ19 ዓመቱን ዑደት ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ያውቀው ነበር፤ የታሪክ ሊቃውንትም የእስክንድርያ ስሌት ከድሜጥሮስ በኋላም እየተሟላ እንደ ሄደ ይናገራሉ። ይህ የገበሬውን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም።

ክፍልፋዩ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው። ስለዚህ ኬክሮስ የዕለት 1/60፣ በሰዓታችን 24 ደቂቃ ይሆናል። ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው፤ 15/60 ሲቃለል 1/4። አራቱ ሩብ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ተደምረው ጳጉሜን 6 ያደርጓታል። ያችን ሩብ ብንረሳት በ120 ዓመት 30 ቀን እንስታለን፤ መስቀልም ከአደይ አበባው መራቅ ይጀምራል።

የ2018 ዓ.ም.ን እንሞክር። 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ተካፍሎ ቀሪው አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ቀሪው መጥቅዕ 18። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው፤ ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋልና እንደገና ሥሩት። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፤ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባች። ከዚያ 69 ቀን ቈጥረን ሚያዝያ 4 ትንሣኤን እናገኛለን።

የድሜጥሮስ ዕረፍት ጥቅምት 12፣ ድንግልናው የተገለጠበት መጋቢት 12 ቀን ይታሰባል።