ቪጎትስኪና የእኛ «አንድ ለአምስት»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምናስተምር ሰዎች ሌቭ ቪጎትስኪ የሚለውን ስም ከሥልጠና ወረቀት ላይ እናውቀዋለን። ሰውየው ማን እንደነበር ግን ብዙም አንጠይቅም። እኔ የሕይወት ታሪኩን የፈለግሁት ምህንድስናን በቡድን ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1896 በዛሬዋ ቤላሩስ፣ ኦርሻ ሲሆን ያደገው ጎሜል ነው። አይሁዳዊ ስለነበር ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ጉብዝናው ብቻ አልበቃውም። ለአይሁዶች የተፈቀደው ቦታ ከመቶ ሦስት እጅ ነበር፤ እሱ በገባበት በ1913 ደግሞ ይህችውም በዕጣ ሆነች። ዕጣው ወጣለትና ሕክምና ጀምሮ ወደ ሕግ ዞረ። በ1917 ጎሜል ተመልሶ መምህር ሆነ፤ ሳንባ ነቀርሳም ያዘው። በ1924 ፔትሮግራድ ላይ በአንድ ጉባኤ ያቀረበው ጥናት ሞስኮ አስጠራው። ከዚያ በኋላ የቀረችው ዕድሜ ዐሥር ዓመት ብቻ ነበረች።

ዋና ሐሳቡ ተማሪ ብቻውን በሚሠራውና በሚበልጠው ሰው እገዛ በሚሠራው መካከል ስላለው ርቀት ነው። ትምህርት የሚካሄደው እዚያች ርቀት ውስጥ ነው። ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጣ ተማሪ በትራስ ላይ ያለውን ኃይል ሲያሰላ ይቆምበታል እንበል። አጠገቡ ያለችው የቡሬ ልጅ ያልታወቁት ኃይሎች ከሁለት ከማይበልጡበት መጋጠሚያ መጀመር እንዳለበት ካሳየችው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ነገ ያለ እርሷ ይሠራዋል።

ነገሩ ለምዕራብ ጎጃም እንግዳ አይደለም። በገጠሩ የአብነት ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የገባው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል፤ መምህሩ ሁሉን ብቻቸውን አይሸከሙም።

ታዲያ ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በየግቢው የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» ለምን አልሠራም? እኔ ባየሁት ክፍል አንዱ ይሠራ፣ አምስቱ ስም ያስጽፉ ነበር። ቅጹ ይሞላ፣ ሪፖርቱ ይላክ ነበር፤ የፖለቲካ አደረጃጀት ነው የሚለው ጥርጣሬም አልጠፋም ነበር። ርቀቷን ግን ማንም አልለካትም። አምስቱም ተመርቀው ድልድይ ሊሠሩ ይወጡ ነበር! አሁን በእኔ ክፍል የቡድኑን ሥራ ማን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚያስረዳ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ተማሪዎቼ አይወዱትም፤ ከፈተና በፊት ግን እርስ በርስ ሲጠያየቁ አያለሁ።

ቪጎትስኪ በሰኔ 1934፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። «አስተሳሰብና ንግግር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በዚያው ዓመት ከሞቱ በኋላ ነው። በ1936 ከወጣው የፓርቲው ውሳኔ በኋላ ሥራዎቹ ገለል ተደረጉ፤ መጽሐፉ እንደገና የታተመው በ1956 ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1955፣ ሰውየው በገዛ አገሩ እንደገና መነበብ ከጀመረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር።