የመጀመሪያዋ መኪና ሊብሬ በማን ስም ነው?

ባለፈው ክረምት ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩት አጎቴ ሩዛቸውን ወረታ ገበያ የምታደርስላቸው አሮጌ የጭነት መኪና ለመግዛት አሰቡና ወረቀቷን እንዳጣራላቸው አዘዙኝ፡፡ ሊብሬውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን አንድ በአንድ አመሳከርኩ፡፡ መኪናዋ አምስት ባለቤት ቀያይራለች፡፡ ሥራዬን ስጨርስ አጎቴ አንድ ጥያቄ ጣሉብኝ፤ ለመሆኑ ወደ ኢትዮጵያ የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና በማን ስም ነበረች? አፄ ምኒልክ ናቸው ያስመጧት ብዬ ለመገላገል ሞከርኩ፡፡ አጎቴ ግን ወረቀት ሳያዩ አያምኑም፡፡ እኔም ማገላበጥ ጀመርኩ፡፡ መኪና ፍለጋ ተብሎ የተጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰው ሕይወት ሆነ፡፡

በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ሊብሬ የለ፣ ታርጋ የለ፣ መንጃ ፈቃድ የለ፡፡ በዲክላራሲዮን ፋንታ ያሉን ሁለት መጻሕፍት ናቸው፡፡ አንደኛውን በ1908 እ.ኤ.አ በርሊን ያሳተመው አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ነው፡፡ ሁለተኛውን ክሊፎርድ ሃሌ በ1913 እ.ኤ.አ ለንደን ላይ አወጣው፤ የሚተርከውም ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ስላደረገው ጉዞ ነው፡፡ የሚገርመው የሁለቱም መጻሕፍት ርዕስ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ሁለቱም በመኪና ወደ ምኒልክ ስለመሄድ ያወራሉ፡፡

የጀርመኑ መጽሐፍ አምስት ዓመት ስለቀደመ መኪናውም የቀደመ ይመስላል፡፡ ግን አይደለም፡፡ ሲድሊ የተባለች እንግሊዝ ሠራሽ መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ የተነሳው ቤንትሊ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም ታኅሣሥ ገደማ ሲሆን፣ ናከ የተባለች ጀርመን ሠራሽ መኪና የያዘው ሆልትስ ጥቂት ዘግይቶ ተከተለው፡፡ ስሙን ሰምቶ ቤንትሊ መኪና ነው የገባው የሚል አንባቢ ካለ፣ በዚህ ስም የሚጠራው ታዋቂ የመኪና ፋብሪካ የተመሠረተው ከዚያ ወዲህ፣ በ1919 እ.ኤ.አ ነው፡፡

በሞተር የሚሄድ ነገር ሁሉ ይቆጠር ከተባለ ደግሞ ሁለቱንም የሚቀድም አለ፡፡ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በ1896 ዓ.ም ገደማ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስገብቶ ነበር፡፡ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ይለው ነበር፡፡ እዚህ ላይ ነው ፍለጋዬ አቅጣጫ የቀየረው፡፡ ከመኪናዋ በፊት መንገድ የሚደመድም ባቡር መግባቱ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚናገረው ነገር አለ፡፡

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም ተወለዱ፡፡ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፡፡ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁና ወደ መቅደላ ተወሰዱ፡፡ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው፡፡ ምኒልክ ግን በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ወንበር ያዙ፡፡

ከፎገራ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የቴዎድሮስ መናገሻ ወደነበረችው ደብረ ታቦር ይወስዳል፡፡ ጋፋትም እዚያው አጠገብ ናት፡፡ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው፡፡ ምኒልክ ያን መድፍ አላዩም፤ እርሳቸው ካመለጡ በኋላ የተሠራ ነው፡፡ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መድፉን በጋሪ ጭነው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መንገዱን እግረ መንገዳቸውን እያስቆፈሩ፣ ድንጋዩን እያስፈነቀሉ ነበር፡፡ ወራት ፈጀባቸው፡፡ መቅደላ በደረሱ ሰሞን የእንግሊዝ ጦርም ደረሰ፡፡

ቴዎድሮስ መንኮራኩሩን አስቀድመው መንገዱን አስከተሉ፡፡ ያሳደጉት ልጅ ነገሩን ገለበጠው፡፡ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ከመንገሣቸው በፊት ጀምሮ ስዊዘርላንዳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ይዘው ነበር፡፡ በአዋሽ ላይ ድልድይ አሠሩ፡፡ በ1886 ዓ.ም ለባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ፡፡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይ ድል ካደረጉ በኋላም ሥራው አልቆመም፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ተጠረገ፣ የሰርኪስ ባቡርም ተከተለ፡፡ ቤንትሊ ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ መኪናዋ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱበት ጥቂት መንገድ ቢኖራቸው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡

ግን ጊዜ አልነበራቸውም፡፡ መኪናዋ የገባችው የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት በ1900 ዓ.ም ነው፡፡ በዚያው ዓመት ሕመሙ ጠናባቸው፤ በ1902 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አልጋ ላይ ጣላቸው፡፡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ፡፡ ፈቃዱን የሰጡለት ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፤ አላዩትም፡፡

ምኒልክ ሁሉን አደረጉ ማለቴ አይደለም፡፡ መንገዳቸው ከዋና ከተማቸው ብዙም አልራቀም፣ ወደዚህ ወደ ሰሜኑም አልደረሰም፡፡ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ጎንደርን የያዘው በከባድ መኪና በተጫነ ጦር ነበር፡፡ በመንገድ የዘገየ አገር መኪናን መጀመሪያ የሚያውቀው በጠላት እጅ ሊሆን ይችላል፡፡ ከወረታ በደብረ ታቦርና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና፣ ቴዎድሮስ መድፋቸውን በጎተቱበት አገር የሚያልፈው ማለት ነው፣ የተሠራው በደርግ ዘመን በቻይናውያን ርዳታ ነው፡፡

ለአጎቴ መልሱን ይዤ ሄድኩ፡፡ የመጀመሪያዋን መኪና ያስገባው ቤንትሊ ነው፤ ሊብሬ ቢኖር ኖሮ አስመጪ በሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈው የእርሱ ስም ነበር፡፡ መንገዱ ግን በምኒልክ ስም ይመዘገባል አልኳቸው፡፡ አጎቴ ጥቂት አሰቡ፡፡ ከዚያ ከአስፋልቱ እስከ ማሳቸው ያለውን፣ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚዋጠውን ጥቁር አፈር አሳዩኝ፡፡ የመኪናዋን ግዥ ለበጋ አቆዩት፡፡ በማግስቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ጠጠር ሊነጋገሩ ወጡ፡፡